ገበቴዋን ቀድማ የደፋችው ሴት

ዓዲላ ሞተች የተባለችው ከመሞቷ በፊት ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ፤ ባቢከርም ስቋል። ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ፣ ከቀርከሃው ጫካ በታች ባለው የወርቅ ወንዝ ዳር ያደጉ ሴቶች ግን በዚህ ነገር አይስቁም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ጊዜው የደጋው ጦር ወደ አገራችን ወርዶ፣ ሼኮቹን አስገብሮ፣ ግብሩም ወርቅ ይሁን የተባለበት ነው። ወርቁን የጠየቀው ደጋ ነው። እሺ ብሎ የተቀበለው ከወንዙ ማዶ የሚኖር አንድ ትንሽ ሼክ ነው፤ ስሙን ያነሳሁ እንደሆነ ያከበርኩት ይመስላልና ይቅር። ጉድጓድ የሚገባው ግን እሱም አይደለም፣ ደገኛውም አይደለም። ድሮም በእኛ በበርታዎቹ ዘንድ እርሻ የወንድ፣ ወርቅ የሴት ሥራ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ ተሸነፉና ሴቶቹ ገበሩ።

ሴቲቱ ትከሻዋን ብቻ የሚያስገባ ጉድጓድ ቀጥ አድርጋ ትቆፍራለች። ግድግዳው ላይ የእግር መርገጫ እየፈለፈለች ትወርድና፣ ታች ስትደርስ ወርቅ ያለበትን አፈር ተከትላ እንደ ፍልፈል ወደ ጎን ትገባለች። አፈሩን በቅርጫት ትሞላለች፤ ላይ የቀረችው ጓደኛዋ በገመድ ትስባለች። ከዚያ ወንዝ ወርደው በእንጨት ገበቴ እያሽከረከሩ ያጥቡታል። አፈሩ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ገበቴው ሥር ዓይን የማይሞላ ቢጫ ትቢያ ይቀራል። እሱን በአሞራ ላባ ቀፎ ውስጥ ይከቱትና አፉን በሰም ይደፍኑታል። ያን ሁሉ ወርቅ ስታወጣ የኖረች ሴት ጆሮዋ ላይ የምታደርገው ግን ዶቃ ነው።

ዝናብ ሲጀምር ጉድጓድ መግባት ነውር ነበር። የራሰ አፈር አይታመንም። ክረምቱን ጎርፍ ያመጣውን አሸዋ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ያጥባሉ፤ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ሰው ግን አይሞትም። ግብሩ ሲመጣ ይህ ወግ ቀረ። በመጀመሪያው የግብር ክረምት ማሪያም የምትባል ሴት እንደ ወረደች ጉድጓዱ ተደረመሰባት። ገመዱን ይዛ ላይ የቆመችው ዓዲላ ነበረች። ስትስበው ገመዱ ባዶውን መጣ። ሴቶቹ የማሪያምን ገበቴ አምጥተው በተደፈነው ጉድጓድ አፍ ላይ ደፉት፤ ወጉ እንዲህ ነው። ወርቅ አጣቢ ስትሞት ገበቴዋ መቃብሯ ላይ ይደፋል፤ ምስጥ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም። በሕይወት ያለች ሴት ገበቴዋን ግድግዳ ታስደግፈዋለች እንጂ ፈጽሞ አትደፋውም። ሕፃን በጨዋታ ቢደፋው እንኳ እናትየው በጥፊ ካላለችው አይወጣላትም።

ዓዲላ ከዚያ ቀን ወዲህ ዝናብ ሲሸት እንቅልፍ የላትም ነበር። ባሏ በጦሩ ጊዜ ሞቶባታል። የቀረቻት ሰዕዲያ ብቻ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገረኛ ልጅ፣ የፊት ጥርሷ ገና በቅጡ ያልበቀለ። እናትየውም ብትሆን ነገረኛ ነበረች። ድምፅዋ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፣ ስትስቅ ጭኗን ትመታለች፣ ሰው ሲዋሽ ካየች አፏ አያርፍም። የነፊሩን ቀንድ የምትነፋውም እሷ ናት። ነፊር የምንለው ደገኛው ደቦ የሚለውን ነው። ቀንዱ ሲነፋ የሰማች ሴት የያዘችውን ጥላ ትመጣለች፤ የማን እርሻ ነው፣ የማን ቤት ነው ብላ አትጠይቅም። ሰምታ የቀረች እንደሆነ የእሷ ቀን ሲመጣ ማንም አይመጣላትም፣ ለቀብሯም ቢሆን።

አሁን ወደ ባቢከር እንምጣ። ባቢከር የሼኩ የጉድጓድ ሹም ነው። ክፉ ሰው ምነው ከሩቅ በመጣ! ይህ ግን እናቱ በዚያው ወንዝ ወርቅ እያጠበች ያሳደገችው የመንደር ልጅ ነው፤ ወጉን ከነሥሩ ያውቀዋል። ደመናው መጠራቀም ሲጀምር ጉድጓዶቹ ዘንድ መጣና፣ ውሃ ይዛ የምታልፈውን ሰዕዲያን አስቆማት። በትሩን አግድም በትከሻዋ ላይ አኖረና ለካት። ከዚያ በትሩን በጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደመው።

«ዘንድሮ ክረምት ሴቶች ልጆችም ይወርዳሉ» አለ። «ለእነሱ ጠባብ ጉድጓድ ይበቃል። ጠባብ ጉድጓድ ቶሎ ይቆፈራል። ይቺ ለመጀመሪያው ትሆናለች።»

«አቡ ሻዕባን» አለችው ዓዲላ፣ በበኩር ልጁ ስም ጠርታ፣ በአክብሮት። «የአንተ ሻዕባን ትከሻስ ስንት ስንዝር ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ባቢከር አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። በትሩን አንስቶ ሄደ።

በማግስቱ ዓዲላ ቀንዷን ነፋች። ሴቶቹ አረም መስሏቸው መቆፈሪያቸውን ይዘው መጡ። እርሻ የለም። ከትልቁ ሾላ ሥር ብቻዋን ቆማለች።

«ዛሬ የምናርመው ማሽላ አይደለም» አለቻቸው። «በዝናብ ጉድጓድ አንገባም፤ ልጆቻችንም አይገቡም። ይህን ለሼኩ ልንለው ነው።»

«ለሼኩ ብለነው ነበር እኮ» አለች ኢንዓም። ኢንዓም የዓዲላ የልብ ጓደኛ ናት፤ ማሪያም ከሞተች ወዲህ ገመዷን የምትይዝላት እሷ ነች። «ማሪያም የሞተች ጊዜ አልቅሰን ነግረነዋል። ምን አለ? አላህ ይርሐማት አለ።»

«እንግዲያው በአፍ አንነግረውም። ገበቴያችንን እንደፋለን።»

አንዲቱ አሮጊት «አዑዙ ቢላህ!» ብላ ልብሷን ወደ አፏ ሳበች።

«ሙት ወርቅ አያጥብም» አለች ዓዲላ። «ይምታን፤ የተመታ ይሽራል። የተቀበረ ግን ሲሽር አይታችኋል? በራሳችን እጅ ብንሞት፣ ሼኩ ወርቁን ሲፈልግ ያስነሳናል።»

ኢንዓም አሰበችና «ያ ኡም ሰዕዲያ፣ ልቤ ካንቺ ጋር ነው» አለች። «ግን አንቺ ባል የለሽም፣ ከሼኩ ፊት አፍሽ አይያዝም። ነገ ለብቻሽ ጠርቶ ልጅሽን እተውልሻለሁ ቢልሽስ? እኛ ተደፍተን ልንቀር ነው?»

ይህ ቃል ዓዲላን አሳመማት። ኩሩ ነበረች፤ ኩራቷን የነካባት ሰው ከጠየቃት በላይ ትሰጠዋለች።

«ቀድሜ እደፋለሁ፣ መጨረሻ አነሳለሁ» አለች። «የአንዳችሁም ሳይነሳ የእኔ ቢነሳ እጄ ይድረቅ።»

ሴቶቹም በፈንታቸው ማሉላት። አንድ ገበቴ እንኳ ተደፍቶ እያለ የማናችንም ገበቴ ውሃ አይነካም፣ ወላሂ፣ አሉ። ኢንዓም ናት ጮክ ብላ ያስማለቻቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም? አንበሳው ከታሰረ በኋላ ድሩ ምን እንደሚሆን ግን ተረቱ አይናገርም።

ጠዋት ባቢከር ሲመጣ በየጉድጓዱ አፍ ገበቴው ተደፍቶ ሴቶቹ ከጀርባው ተቀምጠዋል። ከአህያው ወረደ። አያቸው። ቆቡን አስተካከለ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ፋቲሃ ቀራባቸው። ሲጨርስ ፊቱን አበሰና «አላህ ይርሐማችሁ» አለ፤ «ደግ ሴቶች ነበራችሁ።»

አንዳንዶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው። ዓዲላም ጭኗን መታች። ሞኝነታቸው!

ባቢከር ባሎቻቸውን አስጠራ። ከሾላው ሥር ሰሌን አስነጠፈ፣ ከሼኩ በረት በግ አስመጣ፣ አሳረደ። ለሟቾች ከራማ ነው፣ ብሉ አለ፤ ደገኛው ተዝካር የሚለውን ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ ተያዩ፤ ከዚያ የበግ ነገር ነውና በሉ። ሲጠግቡ ባቢከር ተነሣ። «ሚስቶቻችሁ ሞተዋል፤ ግብሩ ግን አልሞተም» አለ። «የሟች ሥራ ለወራሽ ነው። ነገ እናንተ ትወርዳላችሁ።» ከዚያ ሰዕዲያ ወደቆመችበት ወደ ዓዲላ በረንዳ ተመለከተ። «አባትም እናትም የሌላት ልጅ ደግሞ የቲም ናት። የቲምን ማሳደግ የሼኩ ቤት ወግ ነው፣ ሃይማኖትም ነው። አምጧት።»

ሁለት አሽከሮች ሰዕዲያን ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙ። ዓዲላ ዘላ መሐል ገባች። «እኔ አለሁ! እናቷ እኔ ነኝ፣ አለሁ!» ብላ ጮኸች። ያ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ባቢከር ሰሌኑ ላይ ወደተቀመጡት ወንዶች ዞረ። «የሰማችሁት ነገር አለ?» አላቸው።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። የኢንዓም ባል ሐመድ አጥንት እየጋጠ ነበርና አጥንቱን አስቀመጠው፤ አልተናገረም ግን። ምን ይናገር? ከከራማው በልቷል። የከራማ በግ የበላ ሰው የሟቹን ሞት መስክሯል ማለት ነው። ባቢከር ሥጋውን ያበላቸው ለዚህ ኖሯል። ልጅቱን ይዘዋት ሄዱ፤ እየጮኸች፣ እየነከሰች።

ያን ዕለት ዓዲላ ገበቴዋን ብታነሳ ልጇን ትመልስ ነበር፤ ባቢከር ራሱ መልእክት ልኮባታል። አላነሳችም። ሁልጊዜ ጠዋት የሼኩ ግቢ የቀርከሃ አጥር ሥር ሄዳ ትቀመጣለች። በቀርከሃው ክፍተት ሰዕዲያ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ማሽላ ስትፈጭ ታያታለች። አሽከሮቹ ያልፋሉ፣ ማንም አያባርራትም፣ ማንም ሰላም አይላትም። ሰዕዲያ አርጅታ ስትነግረኝ፣ «እናቴን መንከስ አማረኝ» ነበር ያለችኝ። «ለሌላ ሰው ልጅ ብላ እኔን ተወችኝ ብዬ።»

ወንዶቹ ጉድጓድ ገቡ፤ መግባት ከተባለ። ትከሻቸው አያልፍም፤ ሲያሰፉት ግድግዳው ይፈርሳል። የወርቁን አፈር ከሌላው አይለዩም። ሐመድ ወገቡ ድረስ ገብቶ ተቀረቀረ። በገመድ ሲያወጡት ጎኑ ተሰበረ። ማታ ማታ በየጎጆው ባልና ሚስት ይጨቃጨቁ ጀመር፤ ሟች ናት ብሎ ባሏ ያላናገራትም፣ ወጥ ያልሠራችለትም ነበረች። ቢሆንም አንዲትም ገበቴ አልተነሣችም። ይህን ስለ እነሱ መናገር አለብኝ፤ ያን ጊዜ ጸንተዋል።

የደጋው ግብር ሰብሳቢ ባምባሲ ደረሰ የሚል ወሬ መጣ። የላባው ቀፎ ሁሉ ባዶ ነው። ሼኩ ፈራ። ባቢከር ወደ ኢንዓም ቤት ሄዶ ከታመመው ሐመድ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ከነፊሩ ሴቶች አንዲትም፣ ልጆቻቸውም፣ በዝናብ ጉድጓድ አይገቡም፤ ሼኩ በቁርአን ምሏል አለ።

እልልታው! አሶሳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አሸንፈዋል እኮ። ድሃ ሴቶች፣ ጦር ያልያዙ፣ ወንዶቹ ያቃታቸውን አደረጉ። ዓዲላ እያለቀሰች እያንዳንዳቸውን አቀፈች። ከዚያ ወደ ጉድጓዶቹ ሄዱ። አሮጊቷ አነሳች። ቀጥላ ሌላዋ፣ ቀጥላ ኢንዓም፣ አንድ በአንድ ሁሉም አነሱ፤ ገበቴያቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ዓዲላን ይጠብቃሉ። ዓዲላ ጎንበስ አለች።

ባቢከር እግሩን ገበቴው ላይ አደረገ።

«ሼኩ የማለው ለሕያዋን ነው» አለ። «በግ ታርዷል፣ ከራማ ተበልቷል። ሟች ሁሉ ከተነሣ ከራማው ውሸት ሊሆን ነው። አንዲት መቅረት አለባት።»

«እግርህን አንሳ፣ አቡ ሻዕባን» አለች ዓዲላ።

እሷን አላያትም። ለሴቶቹ ነው የተናገረው። «የሟቿን ማስነሳት የምትፈልጉ፣ የእናንተን መልሳችሁ ድፉ። የሼኩም መሐላ ይቀራል፤ ልጆቻችሁ ነገ ይወርዳሉ። የማትፈልጉ ወንዙ ያውላችሁ።»

ዓዲላ ወደ ኢንዓም ዞረች። መሐላውን ያስማለችው ኢንዓም ናት። ኢንዓም ገበቴዋን ታቅፋ ቆመች። ከኋላዋ ትንሿ ልጅዋ ዓኢሻ ቀሚሷን ይዛለች። ኢንዓም የልጅቱን እጅ ይዛ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደች። ገበቴዋን ውሃ አስነካች። የቀሩትም ተከተሏት።

የሞተ ተጎዳ ይላሉ። ሳይሞቱ ሟች መባል ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓዲላን ሰላም የሚላት ጠፋ። ገበቴዋ እንደተደፋ ነው፤ ሟች ሰላም ያለ ሞት ይጠራል ተባለ። እኔ ይህን አላምንም። ያሳፈሩትን ሰው ዓይን ማየት ይከብዳል፤ ወጉ ሰበብ ሆነላቸው። ባቢከርም ኡም ሰዕዲያ ማለቱን ተወና መርሑማ ይላት ጀመር፣ ሟቿ ማለቱ ነው።

ዝናቡ ወረደ። ሴቶቹ እንደ ድሮው ወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ እየዘፈኑ አሸዋ ያጥባሉ። ልጆቻቸው አጠገባቸው ጭቃ ይጫወታሉ። ከላይ ግን አንድ ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሰዕዲያ የሼኩ ቤት የቲም ናት፤ የነፊር ሴት ልጅ አይደለችም። መሐላው እሷን አይነካም።

ዓዲላ ይህን ስትሰማ ሮጣ መጥታ ከባቢከር እግር ላይ ወደቀች። ያቺ ኩሩ ሴት። «እኔን አውርደኝ» አለችው። «ለሟች ጉድጓድ አይከለከልም።»

ባቢከር ያን ጊዜ ነው የሳቀው። «እውነትሽን ነው፣ መርሑማ» አለ። «መቃብር ለሟች አይከለከልም።»

ጉድጓዱ ለልጅ የተቆፈረ ነው። ዓዲላ ትከሻዋን በሰያፍ አድርጋ፣ ቆዳዋ እየተላጠ ገባች። ከመግባቷ በፊት ቀንዷን አውልቃ በሰዕዲያ አንገት ላይ አንጠለጠለች። «ገመዱን ሁለት ጊዜ ከሳብኩት አውጪኝ ማለቴ ነው» አለቻት። «አልወጣ ካልኩሽ ቀንዱን ንፊው። ቀንድ ሰምቶ የሚቀር የለም።» ይህን በእርግጠኝነት ነው የተናገረችው። ሁሉም ከተዋት በኋላም ነፊሩን ታምነው ነበር።

ረፋዱ ላይ የጉድጓዱ አፍ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ሰዕዲያ ገመዱን ሳበችው፤ አልመጣም። ከዚያ ገመዱ እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳበ። ቀንዱን ነፋች።

ወንዙ ቅርብ ነው። ሴቶቹ ሰሙ፤ ዘፈኑም ቆመ። አንዳንዶቹ ብድግ አሉ። ኢንዓምም ተነሣች። ባቢከር ከላይ፣ ከመንገዱ አፋፍ ላይ፣ በትሩን ተደግፎ ቁልቁል ያያቸዋል። «የማን ቀንድ ነው?» አለች አንዲቱ፣ እንደማታውቅ። «የሟቿ ነው» አለች አሮጊቷ። «ሟች ነፊር አይጠራም።» ኢንዓም ባቢከርን አየች፣ ዓኢሻን አየች፣ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ። ገበቴያቸውን ማሽከርከር ጀመሩ፤ ዘፈኑ ግን አልተመለሰላቸውም።

ሰዕዲያ ከንፈሯ እስኪደማ ነፋች። መሐል መሐል በእጇ አፈር ትዝቃለች፣ ተመልሳ ትነፋለች። ገመዱ ይሳባል፣ ያርፋል፣ ይሳባል። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ዳግመኛ አልተሳበም።

በማግስቱ ሴቶቹ እያለቀሱ መጡ። ከአንጀት ነበር ያለቀሱት፤ ይህን አልክድም። እንደ ወጉ ገበቴዋን መቃብሯ ላይ ሊደፉት ፈለጉ። የሚደፋ ነገር አላገኙም፤ ከከራማው በፊት ጀምሮ በድሮ ጉድጓዷ አፍ ላይ እንደተደፋ ነው። አንስተው እንደገና ለመድፋት የደፈረች አልነበረችም። ቆመው አይተውት ተመለሱ።

የሼኩ ቤት ከዚያ በኋላ ሰዕዲያን ወንዝ ወርዳ አሸዋ እንድታጥብ ላካት። ገበቴ አልሰጧትም። እሷም ወደ ላይ ወጣችና የእናቷን ገበቴ በእጇ አነሳችው፤ ከሥሩ የነበረውን ምስጥ አራገፈች። ወንዝ ወርዳ፣ ከኢንዓም አጠገብ ተቀምጣ፣ ውሃ አስገባችበት። ሴቶቹ ደነገጡ።

«ልጄ» አለች ኢንዓም ቀስ ብላ፣ «የሟች ገበቴ ነው። አይነካም፤ መልሺው።»

ሰዕዲያ ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ ላይ ያለው ቁስል ገና አልደረቀም።

«ቀንዱን ስነፋ በሕይወት ነበረች» አለቻት። «ገመዱን ትስበው ነበር።»

ኢንዓም ገበቴዋን ይዛ ተነሣች፤ ወደ ታች ወርዳ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ሰዕዲያ ማጠቧን ቀጠለች።